የአራት መስመር ማስታወቂያ

«እኔ ብጽፍለት ድንጋይም ያለቅሳል» ትል ነበር። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የእሷ ግን ልቧ አልበቃው ብሎ ወደ አፏ ፈሰሰ። ዕድሜዋ አስራ ሰባት፣ ትምህርቷ እስከ ሰባተኛ፣ ቀጣሪ የላት፣ አለቃ የላት። ለሠርገኛ ንግግር፣ ላፈቀረ ደብዳቤ፣ ለተበደለ አቤቱታ ትጽፋለች። የፀጉር አስተካካዩ ሰሌዳ ላይ «ገብተው ሲወጡ እናትዎ አያውቁዎትም» ያለችው እሷ ናት። ትርፍ ሰዓቷ የልብ ወለዷ ነው፤ ሦስት ደብተር ሞልታለች፣ ጀግናው ግን ገና አልተወለደም። ሰፈሩ «ደራሲዋ» ይላታል፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ ለሹፈት።

በዚያ በጋ ከከተማዋ በላይ ያለው ደን ተቃጠለ። አስራ አንድ ቀን ሙሉ ጭሱ እንደ ዘመድ ሰው ቤት ገብቶ ተቀመጠ። በሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ቢደረግ፣ መስኮቱ በፕላስተር ቢታሸግ፣ ወይ ፍንክች! አንድ ቃል ጽፋ ሌላው ጋ ሳትደርስ አመዱ ይወርዳል፤ ሥራዋ መጻፍ ሳይሆን እፍ ማለት ሆነ። እሱስ ባላስጨነቃት። ያስጨነቃት ያሳደጋት አጎቷ ነው። አናጢ ነው፤ የሰላሳ ዓመት የእንጨት ብናኝ ደረቱን ጨርሶታል። ሲያስል ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መጋዝ ይንቀጠቀጣል።

«ጋሼ፣ በናትህ እንውጣ።»

«ጭስ ፈርቼ የምሰደደው ትንኝ ነኝ?» ይላታል፤ ከዚያ ሳሉ ይቀጥላል።

በአስራ ሁለተኛው ቀን የሰፈሩ ሊቀመንበር ዓይኑ ደም መስሎ መጣ። በእጁ ብጣሽ ወረቀት ይዟል።

«መብራት ከሄደ ሦስት ቀኑ፤ ማተሚያ የለም። በእጅሽ ሃያ ቅጂ አድርጊልኝ። አራት መስመር ናት።»

አነበበችው። «ነገ ጠዋት ሁሉም ሰው ይውጣ። የላይኛው ድልድይ ተዘግቷል። በታችኛው መንገድ ብቻ ሂዱ። ውሃ ያዙ።»

«ይኸው ነው?» አለች፣ ባዶ ሳህን እንደቀረበለት እንግዳ። «በዚህ ማን ይነቃነቅልዎታል? ሰው ልቡ ካልተነካ እግሩ አይነሳም እኮ!»

«እንደፈለግሽ አድርጊው፤ ብቻ ቶሎ በይ።»

ልቡ ይነካ ያለችው ሌላ ሰው አይደለም፣ ያንን ግትር አጎቷን ነው። ከሰዓቱን ሙሉ ጻፈች። «እናንተ የተራራው ልጆች ሆይ!» ብላ ጀመረች። ፀሐይን አስለቀሰች፤ ወፎቹን አናገረች፤ ጭሱን አንዴ ሌባ፣ አንዴ ባል የሞተባት ሴት አደረገችው። ከአራቱ መስመር አንዲት ቃል አላጎደለችም፤ ለቅሶው መሃል ድልድይ ቢገባ ያበላሽብኛል ብላ ብቻ ከገጹ ግርጌ አስቀመጠቻቸው። ሊቀመንበሩ ሳያነብ ማህተሙን እየመታ ወሰደ።

ዋናው የተለጠፈው የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ነበር። እሷም እንደ ሙሽራ አጠገቡ ቆመች።

«አቤት ብዕር!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። አንዲት ሴት ዓይኗን ጠረገች፤ ከጽሑፉ ይሁን ከጭሱ እሷ ትወቅ። አጎቷም መጣ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «በርቺ የኔ ልጅ!» አላት። ሳል ሲይዘው ደረቱን ደግፎ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ አጎቷ ጎረቤቱ ሁሉ ዕቃውን ሲጭን አይቶ «ሰው ከወጣማ ብቻዬን ማንን ልጠብቅ?» አለ። እሷ በልቧ «ብዕሬ አስነሳው!» አለች፤ ደስታ እግሯን ከመሬት አነሳው። ከአጎቷ ሚስት ጋር አቅመ ደካማ በሚጭነው አውቶቡስ ገባች። እሱ ሱቁን ቆልፎ በሞተር ሳይክሉ ሊከተል ነው። በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ አልነገረችውም። ቆሞ ላነበበ ሰው ምን ይነገራል?

ሜዳው ላይ ባለው የመጠለያ አዳራሽ ሲጠብቁት እኩለ ቀን ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አጎቷ የለም። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ፊቱ ጥላሸት ለብሶ ገባ።

«ስምንት ሰው ወደ ላይኛው ድልድይ ሄዷል» አለ። «ሰባቱን በሕይወት አውጥተናል።»

ያልወጣው ፀጉር አስተካካዩ ነበር።

ሊቀመንበሩ ደራሲዋን አያት፣ አያትና ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ። ቢሰድባት በተሻላት።

አጎቷን ሆስፒታል አገኙት። ቅንድቡ ተቃጥሏል፤ ኦክስጅን ፊቱ ላይ ነው። ሲተነፍስ የተሰነጠቀ ጣውላ የሚላግ ይመስላል። ሚስቱ እግሩ ሥር ተቀምጣ እግሩን ያዘች፤ ልጅቷን ቀና ብላ አላየቻትም።

«ጋሼ» አለች ልጅቷ እንባዋን እየዋጠች፣ «ምን ነክቶህ ነው? ድልድዩ ተዘግቷል ብዬ ጽፌ አልነበር? ቆመህ አንብበህ፣ በርቺ ብለኸኝ!»

አጎቷ በሁለት ጣቱ ጭምብሉን ከፍ አደረገው።

«እስከ መሃሉ አንብቤዋለሁ። ልብ ወለድሽን የለጠፍሽ መስሎኝ ነው።»