የጋሽ ገብረአብ ተማሪ

«ሌላው ቢቀር ይችን የሀጂራን ልጅ ማስተማሩ ብቻ ይበቃዋል!» አሉ ጋሽ ሉልሰገድ፣ ከድንኳኑ መሃል ቆመው። «ለማንም ሳያወራ፣ በየወሩ! ለመስከረም አስራ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ነው። ገብሬ እንዲህ ያለ ሰው ነበር።»

ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። የሟች ልጅ ዊንታ ግን ዓይኗን ወደ መግቢያው ወረወረች። ሀጂራ እኮ እዚያው አለች። ከመግቢያው አጠገብ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። የዊንታ አባት ገንዘብ ለሀጂራ ልጅ ለሲሀም መድረስ ካቆመ አምስት ወር እንዳለፈው እዚህ ድንኳን ውስጥ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሀጂራና ዊንታ። ለምን እንደቆመ የምታውቀው ደግሞ ዊንታ ብቻ ናት።

«አይደለም እንዴ ሀጂራ?» አሉ ጋሽ ሉልሰገድ። የሟች የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ናቸው፤ ሲያወሩ ምስክር ካልቆጠሩ አይረኩም።

ሀጂራ ሻሿን አስተካከለች። «አዎ» አለች ቀስ ብላ። «ውለታቸው አለብን። ነፍሳቸውን ይማር።»

ዊንታ የምትገባበት ጠፋት። ሀጂራ ብትሳደብ፣ ተነስታ ብትወጣ ይሻላት ነበር። ሀጂራ ግን ሟችን አላሳጣችም። በልቧ ቃሉን ያጠፈ፣ ባልሰጠው የሚወደስ አድርጋ የያዘችውን ሰው፣ ሞቷልና ሸፈነችለት። የነሐሴ ዝናብ ድንኳኑን ይደበድባል። የእድሩ ሰዎች በእንጨት ሸራውን እየገፉ የተጠራቀመውን ውሃ ያፈሳሉ። ለቅሶው ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው።

ጋሽ ገብረአብ አምስት ኪሎ ላይ ፎቶ ኮፒና ጥረዛ ቤት ነበራቸው። የስንቱን የመመረቂያ ጽሑፍ በጠንካራ ሽፋን ጠርዘው ስሙን በወርቃማ ፊደል ጽፈዋል፤ እሳቸው ግን ከስምንተኛ ክፍል አላለፉም። ባለፈው መስከረም፣ ሀጂራ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካልሲ የምትሸጥባት ቦታ ፈረሰችና ሲሀም አስራ አንደኛ ክፍል ሳትመዘገብ ልትቀር ሆነ። ጋሽ ገብረአብ ይህን በሰሙ ማግስት ዊንታን ጠሯት።

«በየወሩ አንቺ አድርሺላቸው» አሏት። «ለደብተርም፣ ለታክሲም፣ ለቤትም ይሁናቸው። ዋናው ነገር ልጅቷ ሥራ ፍለጋ እንዳትወጣ ነው።»

«ለምን ራስህ አትሰጣቸውም?»

«እኔ ከሰጠሁ ልጅቷ ባየችኝ ቁጥር አንገቷን ትደፋለች። እየተማሩ አንገት መድፋት ምን ይባላል?»

ከዚያ ወዲህ ሲሀምን መንገድ ላይ ሲያዩ ወደ ማዶ ይሻገሩ ጀመር፤ ላመስግን ብላ እንዳትጨነቅ። ሀጂራም ሰውየው እንዲህ ከሸሹ ምስጋና አይወዱም ማለት ነው ብላ፣ ስትገናኛቸው ከሰላምታ አታልፍም። ሁለቱ ቤቶች በይሉኝታ ተያይዘው ዝም ተባባሉ። የሚመላለሰው አፍ የዊንታ ብቻ ነበር።

ስድስት ወር በታማኝነት አደረሰች። የካቲት መጨረሻ ላይ ሲሀም የሴሚስተር ካርዷን ኮፒ ልታስደርግ መጣች። ከክፍሏ አራተኛ ወጥታለች። ዊንታ ካርዱን ማሽኑ ላይ ከማስተኛቷ በፊት ውጤቱን አንድ በአንድ አነበበች። እሷም አስራ አንደኛ ክፍል እያለች ነበር እናቷ ታመው፣ የማሽኑ ሠራተኛ ጥሎ ሄዶ፣ አባቷ «ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ማሽኑ ላይ ቁሚልኝ» ያሏት። አንዱ ሴሚስተር ዘጠኝ ዓመት ሆነ። እናቷም አረፉ፣ ማሽኑም ሁለት ጊዜ ተቀየረ፣ ዊንታን ግን የቀየራት የለም። ለጎረቤት ልጅ የተገኘው ገንዘብ ለእኔ ጊዜ የት ነበር? አለች በልቧ። ቀናች፤ ሌላ ስም የለውም።

መጋቢት ሲገባ ሀጂራ ቤት ሄደች። «እትዬ ሀጂራ፣ ሥራው ተቀዛቅዟል። አባዬ ከዚህ በኋላ አልችልም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ብሏል።»

ሀጂራ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችም። «እስካሁን ያደረጉልንስ ቢሆን» ብላ ሻይ ቀዳችላት። ዊንታ ተቀምጣ ሻዩን ጠጣች።

በዚያ ገንዘብ የማታ ትምህርት ተመዘገበች። ሦስት ሳምንት ሄደች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ሒሳብ ላይ እንቅልፍ ይጥላታል፤ አንድ ቀን መምህሩ ቀስቅሷት ክፍሉ ሲስቅባት በዚያው ቀረች። የቀጣዮቹ ወራት ገንዘብ የት እንደገባ ራሷም በውል አታውቀውም፤ ጫማ፣ ፀጉር ቤት፣ የስልክ ካርድ። ሲሀም በበኩሏ ሚያዝያ ላይ ደብተሯን ዘግታ ኬክ ቤት ተቀጠረች። ግንቦት ላይ ጋሽ ገብረአብ ታመው ተኙ።

«ልጅቷ እንዴት ናት?» ይሉ ነበር ከአልጋ ሆነው።

«እየተማረች ነው» ትላቸዋለች ትራሳቸውን እያስተካከለች። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

አመሻሽ ላይ ሰው ሳሳ ሲል ጋሽ ሉልሰገድ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«አባትሽ እያለ እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር» አሉ። «አሁን ግን ይወጣልኝ። ገንዘቡን በአንቺ በኩል የላከው ለምን ይመስልሻል?»

«ሲሀም እንዳታፍር።»

«እሱም አለበት። ዋናው ግን አንቺ ነሽ። ‹ከትምህርት ያስቀረኋት እኔ ነኝ፤ አፍ አውጥቼ ይቅር በይኝ ማለት አቃተኝ› ይለኝ ነበር። ‹ይህን ስታመላልስ አንድ ቀን «እኔስ?» ማለቷ አይቀርም፤ ያን ቀን ማሽኑን ለሌላ ሰው ሰጥቼ አስገባታለሁ› ይል ነበር። ለማሽኑ ሰው ሁሉ አነጋግሮ ነበር እኮ! በየወሩ ከእነ ሀጂራ ስትመለሺ ፊት ፊትሽን ያያል። አንቺ ዝም፣ እሱ ዝም። ምን ዓይነት ደረቆች ናችሁ እናንተ!» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ሳያልቅ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ዊንታ አባቷ ፊት ፊቷን ያዩ እንደነበር ታስታውሳለች። ይጠረጥሩኛል ብላ ነበር ፊቷን የምታዞረው።

በማግስቱ የሰልስቱ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ እህል እየቀመሰ ሳለ ሲሀም ከሥራ ተፈቅዶላት መጣች። የኬክ ቤቱን ሸሚዝ በሹራብ ሸፍናዋለች፤ አንገቱ ላይ ያለው ጥልፍ ግን ይታያል።

«ተማሪዋ መጣች! አሳልፏት!» አሉ ጋሽ ሉልሰገድ ገና ከሩቅ። «ፈተና እንዴት ነበር የኔ ልጅ?»

ሲሀም እናቷን አየች። ሀጂራ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

«ደህና ነበር» አለች ሲሀም።

ዊንታ ይህን አልቻለችውም። ልጅቷ ያልተፈተነችውን ፈተና ተፈተንኩ ያለችው ለዊንታ አባት ስም ስትል ነው። ተነስታ ሄዳ ሀጂራ እግር ሥር በርከክ አለች።

«እትዬ ሀጂራ፣ አባዬ አላቆመም።»

«ምኑን?»

«ገንዘቡን። አልችልም አላለም። እስከ መጨረሻው በየወሩ ሰጥቶኛል። እኔ ነኝ ያስቀረሁባችሁ። የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ።»

ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው። ግን አጠገብ ያለችው ሴት ወደ ጎኗ ዘንበል አለች፣ ያችኛዋም ወደሚቀጥለው፤ ሹክሹክታው ጋሽ ሉልሰገድ ዘንድ ሲደርስ የያዙትን ሳህን አስቀምጠው ተቀመጡ። ዊንታ ስድብ ጠበቀች፣ ጥፊም ቢሆን። ሀጂራ ስለ ገንዘቡ ትንፍሽ አላለችም።

«ሦስት ወር ተኝተው አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም» አለች። «በራችሁን አልፌ እየሄድኩ! ሲያዩኝ ያፍራሉ እላለሁ ለራሴ። እውነቱ ግን ተቀይሜ ነበር። ውሃ እንኳ ሳላቀምሳቸው ሄዱ። ይሄን ማን ይመልስልኛል፣ ዊንታ?»

«እኔም ሳያቸው ቀድሜ እሻገር ነበር» አለች ሲሀም። «አፍረውብኝ ነው የሚሸሹኝ ብዬ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል የዊንታ አፍ ላይ ደርሶ ትንሽ ሆነባት። «ምዝገባው እስከ ዓርብ ነው» አለች በመጨረሻ። «ጠዋት በስልክ ጠይቄያለሁ። አስራ አንደኛን ትደግማለች እንጂ ይቀበሏታል። የወሰድኩትን ሁሉ እመልሳለሁ፣ ከዚያ በኋላም ከራሴ…»

«ልጄን የማስመዘግባት እኔ ነኝ» አለች ሀጂራ። «የእሳቸውን ትመልሻለሽ፤ እቀበላለሁ፣ የእሳቸው ነውና። የአንቺን ግን አልፈልግም።»

ከዚያ ተነሳች። የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አልፋ ወደ ውስጥ ዘለቀች፣ የሟች የቅርብ ዘመድ ብቻ ወደሚቀመጥበት ፍራሽ። ጫማዋን አወለቀች። ዊንታ ሦስት ቀን ብቻዋን በቆየችበት ቦታ ተቀምጣ ፊቷን በሻሿ ሸፈነችና፣ «ወይኔ ጋሽ ገብረአብ! ወይኔ ሳልጠይቅዎት!» እያለች ጮኻ ማልቀስ ጀመረች። ማንም «በቃሽ» ሊላት አልደፈረም።

ሞቱን ዘግይቶ የሰማ አንድ የጥረዛ ቤቱ የድሮ ደንበኛ ዣንጥላውን እያራገፈ ገባ። ቤተሰቡን አያውቅም። ፍራሹ ላይ የምታለቅሰውን ሴት አይቶ ቀጥ ብሎ ወደ እሷ ሄደና ጎንበስ አለ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት።

ሀጂራ «አሜን» አለች።

አንዲት ሴት «ልጁ እንኳ ያችኛዋ ናት» ልትል አፏን ስትከፍት ዊንታ በእጇ ምልክት ከለከለቻት። እርጥቡን ዣንጥላ ከሰውየው ተቀብላ ጥግ አስደገፈችውና፣ ከእንግዶቹ መሃል ቦታ ፈልጋ ተቀመጠች።