ለላሟ የተዘመረ መዝሙር

የፊልም ሰዎቹ ወደ ሸለቋችን የመጡ ሰሞን፣ የእናቴ የኦርፋ ሥራ በረንዳዋ ላይ ተቀምጦ እነሱን ማየት ብቻ ሆነ። እህቴ ዴሲ ሬይ ካንትሪ በሚባለው የአሜሪካ ገጠር ዘፈን ስሟ የገነነ ሰው ናት፤ የመጡትም የእሷን ልጅነት ሊቀርጹ ነው። ቤተሰብ አብሮ ተቀምጦ የሚያየው፣ እግዚአብሔርን የሚያስብ ፊልም ሊያደርጉት አስበዋል። ጠዋት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጸልያሉ። እናቴ ይህን ስታይ ደስ ይላታል፤ "ጸሎታቸው አጠረብኝ እንጂ ልጆቹስ ጥሩ ናቸው" ትለኛለች።

የድሮው ቤታችን ከፈረሰ ቆይቷል። ስለዚህ ከጅረቱ ማዶ አዲስ "አሮጌ" ቤት ሠሩ። ጣውላውን በእሳት እየለበለቡ፣ ጭቃ እየቀቡ አስረጁት። እናቴን ክንዷን ይዤ ወሰድኳት። ዙሪያውን ዞራ አየችውና፣

"ቨርሊን፣ የእኛ ቤት እኮ ሁለት መስኮት ነበረው። አንዱን የት አደረሱት?" አለችኝ።

"ድህነታችን እንዲታይ ነው መሰለኝ፣ እማዬ።"

"ድሃስ ነበርን። ድሃ መስኮት አያወጣም ያላቸው ማነው?"

እናቴን ሆና የምትጫወተው ተዋናይት ኮሪን ትባላለች፣ የከተማ ልጅ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልትጠይቃት መጣች። እናቴ ስትቀመጥ፣ ስትነሳ፣ ፀጉሯን ስትጠቀልል አፍጥጣ ታያታለች። እናቴም አላረፈችም፤ የጥፍሯን ቀለም፣ የጫማዋን ተረከዝ ሁሉ እያየች ትጠይቃለች።

"ላም ማለብ ትችያለሽ?"

"ኧረ አልችልም፣ እማማ ኦርፋ።"

"እንግዲያው እኔን መሆን ይከብድሻል።"

ኮሪን እየሳቀች የያዘቻቸውን ወረቀቶች ገለጠች። "የፊልሙ ልብ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ልክ መሆኑን ይንገሩኝ" አለችና አነበበችላት። ታናሽ ወንድማችን ኬኒት ገና በእቅፍ ሳለ በሳንባ ምች ይሞታል። ከቀብሩ በኋላ እናት ዝም ትላለች፤ ክረምቱን ሁሉ በቤቱ መዝሙር አይሰማም። ትንሿ ዴሲ ሬይ ዝምታውን መቻል ሲያቅታት በረንዳው ላይ ወጥታ ትዘምራለች። እናትም ከጓዳ ሆና ትቀበላታለች።

እናቴ አንገቷን ቀና አደረገች። "ማናት ዝም ያለችው?"

"እርስዎ ነዎት፣ እማማ።"

"እኔ? እኔ መቼ ዝም አልኩ?"

ኮሪን ወደ እኔ ዞረች። እኔም የማውቀው ያንኑ ነበር። ያኔ ገና ጭቃ የማቦካ ሕፃን ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ዴሲ ሬይ በየመድረኩ ስትናገረው ሰምቻለሁ፤ "ዘፋኝ የሆንኩት የእናቴን ዝምታ ልሞላ ብዬ ነው" ትላለች።

"ቤት ውስጥ ዝም ብዬ ይሆናል" አለች እናቴ። "በረት ውስጥ ግን ጠዋትም ማታም እዘምር ነበር። ምስክሬ ላሟ ነበረች፣ እሷም ሞተች።"

"ለምን በረት ውስጥ?" አለች ኮሪን።

"በባሌ በቡርል ምክንያት። ኬኒትን በቀበርን ሰሞን ሰሃን እያጠብኩ አንድ መዝሙር ጀመርኩ፤ ልጁ ሲቀበር የተዘመረውን። ቡርል እራቱን ትቶ ተነሳና ዝናብ ውስጥ ወጣ። ኮቱን እንኳ አላነሳም። ተይ አላለኝም። ግን ፊቱን አየሁት። እኔ ደግሞ ካልዘመርኩ ልቤ ሊፈነዳ ነው። ስለዚህ መዝሙሬን ይዤ ወደ ላሟ ሄድኩ። ኋላማ ለመደችና፣ ካልዘመርኩላት ወተቷን አትለቅም ነበር።"

ኮሪን ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ እንባ ሞላ።

በማግስቱ የፊልሙ ዳይሬክተር ነገሩን ከኮሪን ሰምቶ፣ ፊቱ ገርጥቶ እኔ ዘንድ መጣ። "ቨርሊን፣ ምን ይሻለኛል? ፊልሙ በሙሉ የቆመው በዚያ ዝምታ ላይ ነው። ታሪኩን የነገሩን ደግሞ ራሳቸው ዴሲ ሬይ ናቸው።"

"እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ትመጣለች፤ እሷኑ ጠይቃት" አልኩት።

እሑድ እስኪደርስ እኔም ሐሳብ በላኝ። ዴሲ ሬይ ትቆጣ ይሆን? ታፍር ይሆን? ከዚህ ሁሉ ይልቅ የከነከነኝ ግን ሌላ ነበር። በረቱ ከቤቱ ብዙም አይርቅም። አባቴ በከሰል ማዕድን ውስጥ ጣሪያ ሊናድ ሲል ቀድሞ የሚሰማ ሰው ነበር፤ ጆሮው ለአንዲት ትንሽ ድምፅ የነቃ ነው። ታዲያ የሚስቱን ድምፅ እንዴት ሳይሰማ ቀረ?

ከአምልኮ መልስ ዴሲ ሬይ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገበታ ቀረበች። እንደ ልጅነቷ የበቆሎ ዳቦ በአሬራ ፈትፍታ መብላት ስትጀምር፣ እናቴ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው የበረቱን ነገር አወራቻት። የእህቴ ማንኪያ አየር ላይ ቆመ።

"እማዬ! ይህን ነገር እኮ ስንት ቦታ አወራሁት፤ ስንቱን ሰው አስለቀስኩበት። ውሸታም አደረግሽኝ አይደል?"

"ምን ውሸት አለው? አንቺ ቤት ውስጥ ነበርሽ፣ እኔ በረት ውስጥ። አንቺ የሰማሽውን ተናገርሽ።"

"ታዲያ እኔንም ይዘሽኝ ብትሄጂ ምን ነበረበት?"

"አንቺን? አፍሽ ክዳን አልነበረውም! ገና ከበረቱ ሳንወጣ ለአባትሽ ትነግሪው ነበር።"

ሦስታችንም ሳቅን። ዴሲ ሬይ ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አሰሚኝ፣ እማዬ" አለቻት።

"ምግብ ላይ?"

"የትም ቢሆን።"

እናቴ ከዘራዋን አንስታ በጓሮ በር ወጣች፤ ተከተልናት። ከድሮው የቀረው በረቱ ብቻ ነው፤ ውስጡ ዛሬ ያለው የሣር ማጨጃና አሮጌ ጎማ ነው። ላሟ ትታለብበት በነበረው ጥግ፣ ምሰሶውን ይዛ ቆመች። መዝሙሩን በቤተ ክርስቲያናችን ወግ፣ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ፣ ቃሉን እየጎተተች ጀመረችው። ድምፅዋ እዚህም እዚያም ይሰበራል። በየከተማው አዳራሽ የምትሞላው እህቴ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችና፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደ ተማሪ አዳመጠች። መሃል ላይ እናቴ ድንገት አቆመች።

"ቀጥዪ እንጂ" አለች ዴሲ ሬይ።

"ቀሪውን ረስቼዋለሁ። ወተቱም እዚህ ጋ ሲደርስ ነበር የሚያልቀው።"

ያን ጊዜ አላስችል አለኝ። "አባዬ ያውቅ ነበር?" አልኳት።

እናቴ በከዘራዋ የጀርባውን ግድግዳ አሳየችኝ። ከሌላው የማይመሳሰል፣ ወፍራም ጥቁር ጣውላ ተመትቶበታል፤ ከማዕድን ማውጫው የመጣ ዓይነት። "ነፋስ በዚያ እየገባ ጀርባዬን ይቆርጠኝ ነበር። አንድ ጠዋት ስመጣ ተደፍኖ አገኘሁት። ማን እንደደፈነው አልጠየቅኩም፤ እሱም አላነሳው።"

"ውጭ ቆሞ ይሰማሽ ነበር ማለት ነው?"

"እንጃ። ዞሬ አላየሁም። ባየው ኖሮ ይሄድ ነበር።"

ዴሲ ሬይ ተነስታ ጣውላውን በመዳፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ዳይሬክተሩን ጠራችው። የቤቱ ዝምታ ይቆይ፣ ሕፃኗ የሰማችው እሱን ነው አለችው፤ ነገር ግን በረቱም ይግባ፣ አባቴም ይግባ። ኮሪን ጎረቤታችን ቤት ላም ማለብ ስትለማመድ ሰነበተች። ሁለቴ ተረግጣለች፤ ከሁለተኛው በኋላ እናቴ "አሁን እኔን መሰልሽ" አለቻት።

ፊልሙ ሲያልቅ መጀመሪያ የታየው በትምህርት ቤታችን የስፖርት አዳራሽ ነው። የሸለቆው ሰው በሙሉ መጣ። ሕፃኑ ሲቀበር ከየወንበሩ አፍንጫ ሲሳብ ተሰማ። ኮሪን በረት ውስጥ ስትዘምር አንድ ሰው ከኋላ መዝሙሩን ተቀበላት፤ ቀጥሎ ሌላው። እኔ ግን ከፊልሙ ይልቅ የማየው የእናቴን ፊት ነበር። አባቴን የሚጫወተው ሰው ከበረቱ ውጭ በብርድ ቆሞ፣ ጣውላ አቅፎ፣ መዶሻና ሚስማር በእጁ ይዞ መዝሙሩ እስኪያበቃ ሲጠብቅ ታየ። እናቴ ጉልበቴን ጨብጣ ያዘች።

ዴሲ ሬይ በወዲያ በኩል ጎንበስ ብላ፣ "እንዲህ ነበር፣ እማዬ?" አለቻት።

"ሚስማሩን በእጁ ያዘው" አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

"እና?"

"ቡርል በከንፈሩ ደርድሮ ነበር የሚይዘው። ሰው ቢያናግረው እንኳ መልስ ላለመስጠት ይመቸው ነበር።" ከዚያም አክላ፣ "ቁመናውን ግን አግኝቶታል። በሉ ዝም በሉ፣ ልየው" አለችን።