ወደ አጥንት ቤት የተዛወረችው ሚስት

ይህ ታሪክ ከአናቱ እስከ ጥፍሩ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ ከኢሎኢሎ ወደ ጊማራስ ደሴት የሚሻገረው ጀልባ እኔን ብቻ መርጦ ይገልብጠኝ።

ቴባን እባላለሁ፤ የከተማችን መቃብር ጽሕፈት ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ኮምፒውተር ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ፤ አንደኛውን ዓመት ሁለት ጊዜ። የማን መቃብር የት እንዳለ የሚያውቀው ፕሮግራማችን በዕድሜ ይበልጠኛል። የሠራው ሰውዬ ራሱ አሥራ አራተኛው ረድፍ ላይ ተኝቷል፤ ፕሮግራሙ ሲገተርብን ሄደን ሻማ እናበራለታለን፤ አንዳንዴ ይሰማል።

አምና አሮጌው ማሽን ጢስ ተፍቶ ሲሞት፣ ፕሮግራሙን አውጥቼ ማዘጋጃ ቤት ያለው አዲሱ ትልቅ ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ላይ ተከልኩት። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛችን ላይ ያለው ስክሪን መስኮት ብቻ ነው፤ በሪሞት ዴስክቶፕ ከርቀት እናየዋለን እንጂ ሥራው የሚሠራው እዚያ ነው። ሁላችንም የምንገባው በአንድ ስም ነው። ሁላችንም ማለት እኔና ጸሐፊዋ ማናንግ ኦስያንግ፤ ማናንግ የምንለው ለታላቅ እህት ነው።

ማናንግ ኦስያንግ ከፕሮግራሙ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረዋል፤ እሱ ያለውን ከወንጌል እኩል ያምናሉ።

«ማናንግ፣ ፕሮግራሙ ሞተዋል ቢልዎት ምን ያደርጋሉ?»

«የትኛው ረድፍ ላይ ብዬ እጠይቀዋለሁ። አንተ ቶቶ፣ ይልቅ አፍህን በሩዝ ሙላው።» ቶቶ የሚሉት ልጅ ለማለት ነው።

ሰው የዘመዱን መቃብር ቀብቶ ሻማ የሚያበራበት የሙታን ቀን ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ እሳቸው ዓሣ ሊገዙ ወጣ ሲሉ ሰይጣን ጎሸም አደረገኝ። ፐርፔቱዋ የተባለች የማላውቃት ሟች መዝገብ ከፈትኩና ማስታወሻው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ወደ አጥንት ቤት ተዛውራለች፤ ጎረቤቶቿ እያንኮራፉ እንቅልፍ ነሷት።» አጥንት ቤት ማለት አምስት ዓመቱ ሞልቶ ዘመድ ያላደሰው መቃብር ሲነሣ አጥንቱ ከሌላው ጋር ተደባልቆ የሚከማችበት ነው። ማናንግ ሲያነቡት በሳቅ እንዲታነቁ ነበር ሐሳቤ። ግን አለቃችን የተቃጠለ አምፖል ቀይር ብለው ጠሩኝ። ሳላስቀምጠው መስኮቱን ዘጋሁና ሄድኩ።

በአሮጌው ማሽን ቢሆን ስትዘጋው ያላስቀመጥከው ነገር አብሮ ይጠፋል፤ ሁላችንም ያደግነው በዚያ ልማድ ነው። በአዲሱ ግን የዘጋሁት መስኮቱን ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ እዚያ ማዶ ሰርቨሩ ላይ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ አደረ። ማናንግ በማግስቱ ሲገቡ እኔ የተውኩት ቦታ ላይ ተገኙ። «ላስቀምጥ?» አላቸው። እሳቸው ደግሞ እሱ የጠየቀውን ሁሉ ሳያነቡ አዎ ነው የሚሉት። ለማስታወሻ የተተወው ቦታ አጭር ነውና ፕሮግራሙ የማንኮራፋቱን ነገር ቆርጦ ጣለው። የቀረው «ወደ አጥንት ቤት ተዛውራለች» የሚለው ብቻ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን የመብራት ገመድ ስዘረጋ አጥንት ቤቱ ጋ አንድ ሽማግሌ ቁጢጥ ብለው አየሁ። በትንሽ ቆርቆሮ ነጭ ቀለም ይዘው ግድግዳው ላይ የአልጋ ያህል ቦታ ይቀባሉ።

«ሎሎ፣ ይሄ እኮ የመንግሥት ግድግዳ ነው!» አልኳቸው፤ ሽማግሌን ሁሉ ሎሎ፣ አያቴ ነው የምንለው።

«የሚስቴም ነው፣ ቶቶ። የት ጋ እንዳለች ስላላወቅሁ መሐሉን ያዝኩ።»

«ባለቤትዎ ማን ይባላሉ?»

«ፐርፔቱዋ። የጽሕፈት ቤቱ ሴትዮ ከማሽኑ አንብባ ነገረችኝ። እግሬ ይዞኝ አራት ዓመት ከጊማራስ አልተሻገርኩም። የወንድሜ ልጅ አሳድሳለሁ ብሎኝ ነበር… ይሁን፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በሕይወቷ ጂፕኒ ታክሲ ላይ እንኳ ከሰው መጋፋት አትወድም ነበር። ይኸው ከስንቱ ጋር ደባለቅኋት።»

ጆሮዬ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ፤ እዚህ ግን ለዚያም ተራ አለ።

«ሎሎ፣ ሚስትዎ ቦታቸው ላይ ናቸው። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ቀልድ ነበር» አልኳቸው።

ብሩሹን እንደያዙ አዩኝ፤ ቀለሙ ነጠላ ጫማቸው ላይ ይንጠባጠባል።

«የሚያስቀው የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ገብቷቸው አብረውኝ ሊስቁ የፈለጉ ይመስላሉ።

ደግፌ ወሰድኳቸው። ፐርፔቱዋ ዘጠነኛው ረድፍ ላይ፣ ስሟን ሻጋታ አልብሶት፣ ማንም ሳይነካት ተኝታለች። ሎሎ መቃብሩን እንደ ጉንጭ ዳበሱት። የተረፈው ቀለም ግን ለግማሹ እንኳ አልበቃም።

እዚህ ላይ አንድ የፈጠርኩት ነገር አለ። እኔ ነኝ የጻፍኩት አላልኳቸውም። ያልኩት «ማሽኑ ተሳስቶ ነው» ነው፤ «የሚያስቀው የቱ ጋ ነው» ያሉኝም እሳቸው አይደሉም፤ እኔው ነኝ ራሴን የምጠይቀው። ወሬው ሲደርሳቸው ማናንግ ኦስያንግ በፀሐይ እየሮጡ መጡ፤ ሎሎ ፊት እጃቸውን አጣምረው «ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ፤ ሌላ ቀለምም ገዝተው ቀቡላቸው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ «ማሽን ነው ማናንግ፣ ይሳሳታል» እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ ማናንግ ማሽኑን አያምኑም። ሰው መጥቶ ስም በጠራ ቁጥር ከስክሪኑ ያነበቡትን ይዘው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ረድፉ ድረስ ሄደው አይተው ይመለሳሉ። እኔ እቀመጣለሁ።