አባትሽ ምን ቢል ጥሩ ነው

መጋረጃ ሰፊዋ ከአባቷ ጋር ከተኳረፈች ወዲህ፣ እሁድ በመጣ ቁጥር ስልኳን ይዛ መስኮቱ ሥር ትቀመጥ ነበር። የምትደውለው ለእናቷ ነው። የጉልበት ሕመሙን፣ የጎረቤቱን፣ የዝናቡን ነገር ካወሩ በኋላ ድምጿን ዝቅ ታደርግና፣

«እማ፣ ምን እያነበበ ነው?» ትላለች።

«ማን?» ትላታለች እናቷ፣ እያወቀች።

«በሞቴ አታድርቂኝ።»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ! ሽፋኑ ላይ አንድ ፂማም ሰውዬ ጀልባ ውስጥ ተቀምጧል። ውፍረቱ ትራስ ያህላል። ከዚህ ሌላ አትጠይቂኝ።»

ሰኞ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ትሄዳለች። «ፂማም ሰውዬ፣ ጀልባ፣ ትራስ የሚያህል» ስትለው ሻጩ እየሳቀ መደርደሪያውን ያተራምሳል። ካገኘችው እንደ ሌባ በቦርሳዋ ሸጉጣ ወደ ቤቷ ትበራለች።

ድሮም አባትና ልጅ የሚግባቡት በመጽሐፍ ነበር። አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ባልደረቦቹ «አባ ዝምታ» ይሉታል። ተራው እስኪደርስ መጽሐፉን መሪው ላይ ዘርግቶ ያነባል። እሷም ተማሪ ሳለች ምሳውን ስታደርስለት ከኋላው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እሱ የጨረሰውን ትጀምር ነበር። «የት ደረስሽ?» ይላታል። «ሰውዬው ቤቱን ሊሸጥ ነው» ትለዋለች። «ታገሺው» ይላታል። በቃ፣ ወሬያቸው ይኸው ነበር፤ ለሁለቱም ይበቃቸዋል።

ኩርፊያው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚበርድ አልነበረም። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ የባሏ ረዳት ነበሩ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለ። መኪናው ተገለበጠ፤ ባል ተረፈ፣ ወንድም ሞተ። የመረመሩት ሰዎች የሹፌሩ ጥፋት አይደለም አሉ። አባቷ የሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ሹፌር ከመነሳቱ በፊት ፍሬኑን ይሞክራል» አለ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረና፣ «ያ ሰውዬ ደጄን አይረግጥም። ከእሱ ጋር ያለም አይረግጥም። ምረጪ» አላት።

እሷ ደግሞ በእንቅልፉ «ዝለል! ዝለል!» እያለ የሚባንነውን ሰው ጥላ የምትሄድበት አንጀት አጣች። ወንድሟን ቀብራ ሳታበቃ ባሏንም ቅበሪ የተባለች መሰላት። ቀረች። ባሏም ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም፤ ጎሚስታ ቤት ገብቶ ጎማ ይለጥፋል።

እንግዲህ መሐል ላይ የቀረችው እናቲቱ ናት። ፊደል የቆጠረችው ካረጀች በኋላ ነበርና፣ መጽሐፍ የሚባል ነገር ስታነብ ያያት የቤት ሰው የለም። መልእክት ማድረስ ግን ታውቅበታለች።

«አባትሽ ምን ቢል ጥሩ ነው?» ትላለች በስልክ። «‹ልጄ ይኼን ጀልባ ቀዛፊ ብታውቀው ሆዷ አይችልም ነበር› አይልም መሰለሽ?»

«‹ልጄ› ነው ያለው?»

«ታዲያ የጎረቤት ልጅ ይበል?»

መጋረጃ ሰፊዋ የዚያን ሳምንት ስፌቷ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። «በይ እኔም አንብቤዋለሁ በይው። መጨረሻው አልጣመኝም በይው» ትላለች። በሳምንቱ መልሱ ይመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ፂማሙ አልቆ ንብ አናቢዋ ባልቴት መጣች፤ እሷ አልቃ ከገዛ ልጇ ጋር ስለተጣላች አንዲት ዳኛ የሚያወራው መጣ። ማታ ማታ ለባሏ ጮክ ብላ ታነብለታለች። እሱም ጥቀርሻ የማይለቀው እጁን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይሰማል።

አንድ እሁድ እናቷ ከወትሮው ቆየት ብላ፣ «አባትሽ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ያ ልጅ እንቅልፍ ይወስደዋል ወይ?› ብሎ ጠየቀ» አለቻት።

ለባሏ ስትነግረው ከተቀመጠበት ተነሳ። ወደ ጓዳ ገብቶ ቧንቧ ሲከፍት ሰማችው፤ ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «‹ያ ልጅ› ነው ያሉት? ‹ያ ሰውዬ› አይደለም?» አላት። «‹ያ ልጅ› ነው» አለችው። ያን ቃል ሰውየው እንደ ስንቅ ያዘው። እየቆየም መባነኑ ቀነሰለት።

አንድ ቀን ጠዋት እናቷ ልብስ ስታሰጣ ገመዱ ሥር ወደቀች። ሐኪም ቤት ሳትደርስ አለፈች። «ልቧ ነው» አሉ።

መጋረጃ ሰፊዋ በወንድሟ ሞት የወጣችበትን በር በእናቷ ሞት ገባችበት። ማንም አልከለከላትም። ባሏ ግን ደጃፉ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ «አንቺ ግቢ፣ እኔ እዚሁ አለሁ» አላት። አባትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ቃል ግን አልተለዋወጡም። ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ አንድ ከሰዓት፣ ጎን ለጎን በተቀመጡበት አባቷ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣

«ስለ ዳኛዋ የላክሽብኝ ነገር… ልክ ነበርሽ» አላት።

«የቱ፣ አባዬ?»

«‹ሴትዮዋ ይቅር ማለት አቅቷት አይደለም፤ ማን ቀድሞ ይናገር ስትል ነው ያረጀችው› ያልሽው። ከሆዴ አልወጣም።»

መጋረጃ ሰፊዋ አባቷን ትኩር ብላ አየችው። እሷ ስለ ዳኛዋ የላከችው «ትንሽ ትንዛዛለች በይው» የሚል ብቻ ነበር።

«እኔ እንደሱ አላልኩም» አለች ቀስ ብላ። «አንተስ? የባሌን እንቅልፍ የጠየቅከው…»

«የማንን እንቅልፍ?»

ይኼን ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጣ የነበረችው የጎረቤት ጸጉር ሠሪ ፊቷን በሻርፕዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይተው ዞሩባት።

«እሳቸው ናቸዋ!» አለች እያለቀሰች። «እናትሽ ናቸዋ! አባባ ወደ አውቶቡሳቸው ሲወጡ፣ ቤት የተዉትን የማታውን መጽሐፍ እናትሽ በነጠላቸው ሸፍነው እኔ ጋ ይመጣሉ። የተበላሸው የጸጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር ቁጭ ብለው፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ… አንዱን ገጽ ሁለት ሦስት ጊዜ። ከዚያ ለደንበኞቼ ታሪኩን ይነግሩልኛል። በዳኛዋ ጊዜማ ሴቱ ሁሉ ቢጎዲን በጭንቅላቱ እንደጠቀለለ ተላቀሰ!»

«ቤቷ ለምን አታነብም ነበር?» አለ አባቷ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኗል።

«እኔም ጠይቄያቸው ነበር። ‹እንደማነብ ካወቁማ ወሬዬን አያምኑኝም› አሉኝ።»

አባ ዝምታ እጆቹን ጉልበቱ መሐል ቀበራቸው። «ማታ ማታ እኔ ሳነብ እሷ አጠገቤ ልብስ ታጥፋለች» አለ። «‹ኧረ ይኼ ሰውዬ ቤቱን ይሸጠው ይሆን?› ትለኛለች። ‹ምን አገባሽ› እላታለሁ። ምን አገባሽ! አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ፣ አንቺስ ምን ታነቢያለሽ ብያት አላውቅም።»

መጋረጃ ሰፊዋም እነዚያን ሁሉ እሁዶች አሰበቻቸው። በየእሁዱ የጠየቀችው «ምን እያነበበ ነው» ብላ ነበር። «ምን እያነበብሽ ነው» ለማለት አንዲት የቃል ጫፍ ብቻ ነበር የምትቀየረው። ያቺን ሳትቀይር እናቷ ሄደች። ያን ጊዜ በቀብሩ ቀን ያልመጣው ለቅሶ መጣ፤ ጸጉር ሠሪዋ እስክትይዛት ድረስ መሬት ላይ ተንከባለለች።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ስልኩ ቀርቶ በእግሯ ትመጣለች። አባትና ልጅ ለመጨዋወት ይሞክራሉ፤ ነገሩ ግን አይሞላላቸውም። እናቲቱ ስታቀብላቸው የነበረው ያ ሁሉ ጣፋጭ ቃል የማን እንደነበር አሁን ታውቋል። የራሳቸው ቃል ሲመዘን ደረቅ ነው። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «ጉልበትህስ?» «ምንም አይል።» መጽሐፍ ከመሐላቸው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ የሚገልጠው የለም።

ባሏ ሁልጊዜ ይሸኛትና ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃታል። አባቷ በመስኮት ያየዋል። አንድም ቀን ስሙን አንስቶ አያውቅም፤ ይግባም አላለ፣ ይሂድም አላለ። ፀሐይ በከረረበት አንድ እሁድ ግን ንግግሩን አቋርጦ ተነሳ። የሚስቱን ወንበር፣ ልብስ ስታጥፍ የምትቀመጥበትን፣ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ እስከ በሩ ሄደ። እዚያ ሲደርስ እግሩ እምቢ አለው። ወንበሩን ለልጁ ሰጣትና ሳያያት፣ «አውጪለት» አለ።

አወጣችለት። ባሏ ወንበሩን አየ፣ እሷን አየ። አልተቀመጠም።

«ምን አሉ?» አላት።

እናቷ ብትሆን ይህን ጊዜ አፏ ሙሉ ይሆን ነበር። ‹ልጄ ፀሐይ አይምታው አሉ› ትለው ነበር፤ ሌላም ሌላም ጨምራ። መጋረጃ ሰፊዋም ልትጨምርለት አፏን ከፈተች። ያኛው የእንቅልፍ ቃል የማን እንደነበር አልነገረችውም፤ ወደፊትም አትነግረውም። አዲስ ቃል ግን ከየት ታምጣ? ደጋግማ ሞከረች፤ አልወጣላትም።

«ምንም አላሉም» አለችው። «ወንበሩን ብቻ ነው።»

እሱም ጥቂት ካሰበ በኋላ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።