የብረት ታኬታ

ጋሽ ክፍሌ ሰውን የሚያምኑት ጫማውን ገልብጠው ካዩ በኋላ ነው። በየወሩ የተኩስ ውድድር የምናደርግበት ክለብ እዚህ አሜሪካ፣ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ተነድቶ የሚደረስበት ጫካ ውስጥ ነው፤ የዕቃ ተቆጣጣሪው እሳቸው ናቸው። ተወዳዳሪ ሁሉ መስመር ከመግባቱ በፊት ፊታቸው ይቆማል። ቀበቶውን፣ ሽጉጡ የሚገባበትን ሆልስተር፣ የጥይት ካዝና የሚሰካበትን ኪስ አንድ በአንድ ያያሉ። መጨረሻ ላይ "እግር" ይላሉ። ሰውየው ሰኮናው እንደሚታይ በቅሎ እግሩን ወደ ኋላ ያነሳል፤ እሳቸው ሶሉን በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ።

እግር የሚታየው ያለ ነገር አይደለም። የኛ ውድድር አንድ ቦታ ተተክሎ መተኮስ አይደለም። ሰዓት እየተቆጠረ፣ እየሮጡ፣ በመስኮት እያነጣጠሩ፣ የእንጨት መድረክ እየወጡና እየወረዱ ነው የሚተኮሰው። ጭቃ ላይ አንሸራቶት የሚወድቅ ሰው በእጁ የያዘው ዱላ ሳይሆን የጎረሰ ሽጉጥ ነው። ስለዚህ አብዛኞቻችን የኳስ ተጫዋች ታኬታ እናደርጋለን። የጎማ ጥርስ ያለው ይፈቀዳል። የብረት ጥርስ ግን በክለባችን ክልክል ነው፤ እንጨት ላይ ያዳልጣል፣ መድረኩንም ይቦረቡረዋል። ብረት የተገኘበት ሰው ዕቃውን ሸክፎ ወደ ቤቱ ነው። ልመና የለም።

በዚህ ነገር ጋሽ ክፍሌ ዘመድ አያውቁም። አምና የገዛ ልጃቸውን ጆኒን፣ ለዋናው ሻምፒዮና ሊያልፍ ትንሽ ሲቀረው፣ በብረት ጥርስ አባረውታል። የሃያ ስምንት ዓመት ባለትዳር ሰውዬ አኩርፎ መኪናው ውስጥ ሲቀመጥ ሁላችንም አይተናል። እናቱም ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታቸው ውስጥ ሳምንት ሙሉ ራት አቀረበችላቸው እንጂ አላነጋገረቻቸውም አሉ። እሳቸው "ሕግ ከላላ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?" አሉ። እኔ ስሰማ ስቄአለሁ። በሌላ ሰው ላይ ሲሆን ያስቃል።

ወንድሜነህ እባላለሁ። አሌክሳንድሪያ የሆቴል ፓርኪንግ ነው የምሠራው። የሰው መኪና ከማቆም ሌላ የኔ የምለው ነገር ይህ ውድድር ነው። የታጠቀ ጥበቃ ፈቃድ ላወጣ ኮርስ ስወስድ አስተማሪዬ ጋሽ ክፍሌ ነበሩ፤ ፈቃዱን ተውኩት፣ ውድድሩ ግን አብሮኝ ቀረ። ያለፈው ቅዳሜ ለዋናው ሻምፒዮና የሚያሳልፈው የመጨረሻው ውድድር ነበር።

ልቤ ግን ያለው ደብረ ብርሃን ነበር። እናቴ እታለማሁ ደረጃ ላይ ወድቃ፣ ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ከገባች ሰንብታለች። ዐርብ ማታ ስደውል እህቴ ሸዋረገድ "ደህና ናት፣ ተኝታለች" አለችኝና ኔትወርኩን አመካኝታ ዘጋችው። ሚስቴ ብሩክታይት አረጋውያን በሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም የሌሊት ሺፍት ላይ ናት። ብቻዬን ጣራ ጣራ ከማይ ብዬ፣ እሷ ሳትመለስ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ዝናብ ነበር።

ክለቡ ስደርስ ዝናቡ አባርቷል፤ ሜዳው ግን ጭቃ ነው። ተሰለፍኩ። ከፊቴ ሁለት ሰው ሲቀር የጋሽ ክፍሌ ስልክ ጮኸ። በቁጥጥር ሰዓት ስልክ አያነሱም። ያን ቀን ግን አንስተው ወደ ዛፎቹ ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆዩ፣ ቆዩ፣ ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። ሲመለሱ ከፊቴ ያሉትን ሁለቱን አይተው አሳለፉ።

እኔ ጋ ሲደርሱ "እግር" አላሉም። ለምዶብኝ ራሴ አነሳሁት። አውራ ጣታቸው ሶሌ ላይ መጣና ቆመ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ሐሙስ ቤታችን አጠገብ ያለው ዳገት ላይ ስለማመድ የብረቱን ጥርስ አስገብቼ ነበር፤ አልቀየርኩትም።

"ጋሽ ክፍሌ፣ ረስቼው ነው፤ የጎማው ጥርስ መኪናዬ ውስጥ አለ" አልኩ፣ እግሬን እንዳነሳሁ።

እግሬን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡልኝ።

"ግድ የለም፣ ልጄ። እለፍ።"

ልጄ ብለውኝ አያውቁም። ግድ የለም የሚል ቃል ደግሞ ከሳቸው አፍ ወጥቶ የሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሌላ ሰው ቢሆን ዕድሉን አመስግኖ ያልፋል። እኔ ግን እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ ሰው እንደሞተብኝ ገባኝ።

የኛ ሰው ሞት ሲመጣ እንዲህ ነው። አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ነገር ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሊነጋጋ ሲል በሩን አንኳኩተው መርዶውን እስኪነግሩት ድረስ ሁሉም ያባብለዋል። እኔም ራሴ ከሽማግሌ ጋር ሆኜ የሰው በር አንኳኩቻለሁ፤ ከዚያ በፊት ባለው ቀን ሰው እንዴት ደግ እንደሚሆን አውቃለሁ። ክፉ ጎረቤት እንኳ መንገድ ይለቅልሃል። የኔን በር ዛሬ አንኳኩተዋል ማለት ነው። አንኳኩተው አጡኝ። ለጋሽ ክፍሌም "ሳይነግሩት ይዘውት ይምጡ" ብለዋቸዋል። አሁን ቢያባርሩኝ መኪናዬን አስነስቼ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ብቻዬን ሄጄ ብቻዬን እንድሰማ አልፈለጉም።

ሞኝነት ነው፣ ግን ልፈትናቸው ፈለግሁ። በምወዳደርበት ምድብ የካዝናው ኪስ ከዳሌ አጥንት ወደ ፊት መውጣት የለበትም። ዓይናቸው እያየ ቀበቶዬን ጎተትኩና ኪሱን እምብርቴ አጠገብ አመጣሁት። ጋሽ ክፍሌ ያንን በጣት ጥፍር ለክተው ሰው የሚመልሱ ሰውዬ ናቸው። አዩት። ከዚያ ዛፎቹን ያዩ ጀመር።

እንግዲህ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሳቸው ያላወቅሁ መስሏቸዋል፤ እኔም እንዳላወቀ ሰው ሆንኩ። እስካልተነገረኝ ድረስ እናቴ ደብረ ብርሃን አልጋዋ ላይ ናት። ሲያሻት ውሃ ትጠይቃለች፣ ሸዋረገድን ትቆጣለች። ስለዚህ አልቸኮልኩም። የተኩስ ተራዬን ለሌላ ሰው ለቀቅሁ። ሌሎች ተኩሰው ሲጨርሱ የተበሳውን ኢላማ በወረቀት እለጥፍ ጀመር። ለወትሮው ከዚህ ሥራ የሚያመልጥ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

ተራዬ የማይቀር ሲሆን ቆምኩ። ደወሉ ጮኸ፤ ሮጥኩ። ስለዚያ ሩጫ የምናገረው ብዙ የለኝም። ብረቱ ጭቃውን ነክሶ ይዞኛል። እንጨቱ ላይ ስወጣ ቀጭ ቀጭ ይላል። እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል፤ ያነጣጥራል፣ ይተኩሳል፣ ካዝና ይቀይራል። ደስታ የለም፣ ፍርሃት የለም። መድረኩ ጫፍ ላይ ብረቱ አዳለጠኝና ሁለት እርምጃ ተንሸራተትኩ። የሽጉጡ አፍ ወደ ኢላማው እንደሆነ ቀረ፤ እኔም ተስተካክዬ ቆምኩ። ሳበቃ ሽጉጡን አራግፌ ባዶውን ለዳኛው አሳየሁ። ዞር ስል ከዳኛው ኋላ፣ ያለ ቦታቸው፣ ጋሽ ክፍሌ ቆመዋል። እጃቸው ቀበቶዬን ከኋላ ሊይዝ ተዘርግቶ እንደነበር እዚያው አየር ላይ ቀርቷል።

ጫማዬን ያየው ጆኒ ነው።

"ዳድ፣ ሜታል ነው እኮ ያደረገው" አለ። "እኔን ላስት ይር ዲስኳሊፋይ አድርገኸኝ የለም እንዴ?"

ጋሽ ክፍሌ ክንዱን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ጆኒ ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል። የውሃ ጠርሙስ ከፍቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ ለኔ በሁለት እጁ የሰጠኝ ነገር ኖሮ አያውቅም። እኔ ካለፍኩ የሚቀረው ደግሞ እሱ ነው። ውሃውን ጠጣሁ። ምንም ጣዕም አልነበረውም።

ውጤት ሲነበብ ከምድቤ አንደኛ ወጣሁ። ለዋናው ሻምፒዮና አለፍኩ ማለት ነው። ሰዎች ጀርባዬን መታ መታ አደረጉ። ሦስት ዓመት የለፋሁበት ነገር ነበር፤ በሌላ ሰው ስም የተጠራ ያህል ቆሜ ሰማሁት። ከዚያ ሰው መበተን ሲጀምር ጋሽ ክፍሌ ጋ ሄድኩ።

"ጋሽ ክፍሌ፣ ያባርሩኝ" አልኳቸው።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ብረት አድርጌ ነው የተኮስኩት። ኪሱንም ከዳሌዬ አውጥቼ ነው። ሁሉንም አይተዋል። እንደ ጆኒ ያባርሩኝ።"

ካባረሩኝ የሞተ ሰው የለም ማለት ነው፤ የምለምናቸው ይህንን ነበር። ድሮ የሚያውቁትን ቁጣ ቢቆጡኝ፣ ዕቃህን ሸክፍ ቢሉኝ፣ ምንኛ ደስ ባለኝ። መንገዱን ሁሉ እየዘፈንኩ በነዳሁት። ፊታቸውን አየሁት። እንዳወቅሁ አወቁ።

"ያባርሩኝ፣ በእግዚአብሔር።"

"አልችልም" አሉ።

ከዚያ በዚያ ዕድሜያቸው ጭቃው ላይ በርከክ ብለው የጫማዬን ማሰሪያ ይፈቱ ጀመር። "ኧረ ጋሽ ክፍሌ፣ ይተዉ፣ ነውር ነው" ብዬ ልይዛቸው ጎንበስ አልኩ። እጄን ገፉት። በዚህ ጫማ መኪና ውስጥ አይገባም ብለው አጉረመረሙ፤ ድምፃቸው ግን የሕግ ድምፅ አልነበረም። አንዱን ፈቱ፣ ሌላውን ፈቱ፣ ታኬታዎቹን አጋጭተው ጭቃውን አራገፉና በብብታቸው ያዟቸው።

በሳቸው መኪና ሄድን፤ የኔን ጆኒ ከኋላ ይነዳል። ሽጉጤን ከነሣጥኑ ጆኒ ጋ አስቀመጡት። ሬዲዮ አልተከፈተም። እኔ የማስበው ካልሲዬ አውራ ጣቴ ላይ መቀደዱን ነበር። ሌላ ነገር ላስብ ስሞክር ወደ ካልሲው እመለሳለሁ።

የአፓርታማችን መኪና ማቆሚያ ስንገባ ግን መኪናዎቹን አየሁ። ሥራዬ ነውና መኪና ሳላይ አላልፍም። የዕድራችን ሊቀመንበር የአቶ ያለው ቶዮታ በጠማማው ቆሟል። የንስሐ አባታችን መኪና አጠገቡ ነው። ሌላም፣ ሌላም፣ የማውቃቸው ሁሉ በቅዳሜ ቀን ሥራ ትተው። ጋሽ ክፍሌ ሞተሩን አጠፉና አልወረዱም። እኔ ወረድኩ።

የብሩክታይት ቤት አንድ ሕግ አለው። ምንጣፉ ነጣ ያለ ነው፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። አከራያችን ቧንቧ ሊያይ መጥቶ ጫማውን አስወልቃዋለች። የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ እንኳ በአክብሮት፣ በፈገግታ፣ አስወልቃቸዋለች። እንግዳ ባለን ቀን የበሩ መደርደሪያ በጫማ ተሞልቶ መተላለፊያው ድረስ ይፈሳል።

መደርደሪያው ላይ አንድም ጫማ የለም። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋሁት።

ቤቱ ሙሉ ነው። ሁሉም ቆመው ጫማቸውን እንዳደረጉ ነው። የጠዋቱ ዝናብ ከነጭቃው ምንጣፉ ላይ ከበር እስከ መስኮት ተረግጧል። በካልሲ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ። አቶ ያለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንደሚጀመረው ከሩቅ ጀመሩ፤ ሰው እንግዳ ነው፣ ማንም የማይቀርበት መንገድ ነው አሉ። እኔ እሳቸውን አላየሁም። ብሩክታይትን አየኋት። የሥራ ልብሷን አልቀየረችም፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ግድግዳውን ተደግፋለች።

"ብሩኬ፣ ምንጣፉ ተበላሸ" አልኳት።

ምንጣፉን ቁልቁል አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ይበላሽ" አለች።

አቶ ያለው የእናቴን ስም ገና አልጠሩም ነበር። እኔ ግን እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።