ለእሱ የተለየው የኮክ ጠርሙስ

በዓሉ ስድስት ሳምንት ሲቀረው፣ እናቷ በሞተች በስምንተኛው ወር፣ ልብስ ሰፊዋ የጓዳውን በር ከፍታ አምስቱን አፈ ሰፊ ጠርሙሶች አንድ በአንድ አወጣች። ወፋፍራም፣ ክዳናቸው በሽቦ የሚጠረቅም ጠርሙሶች ናቸው። አቧራ ለብሰዋል። እናትየው ብታያቸው ኖሮ ቤቱን በጩኸት ታናጋው ነበር።

ሥራው እንኳ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ፍሬው ይታጠባል፣ ውሃው ይንጠፈጠፋል፣ ይከተፋል። ስኳር ይነሰነስበታል፣ ቀረፋ ጣል ይደረግበታል፣ አረቄው ፍሬውን እስኪሸፍነው ይሞላበታል። ከዚያ ጨለማ ጓዳ ውስጥ ስድስት ሳምንት ይተኛል፤ በቀን አንዴ ነቅነቅ ማድረግ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። እናትየው በሕይወት ሳለች ጓዳዋ ውስጥ ሰው አታስገባም ነበር። ልጅቷ ገና ከደፉ ላይ ስትደርስ፣ "ውጪልኝ አንቺ፣ እጅሽ ክር ክር ይሸታል፤ መጠጤን ልታበላሺብኝ ነው?" ትላታለች። እሷም እየሳቀች ትመለሳለች። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ እየሳቀች ስትመለስ ኖረች እንጂ አንድ ቀን ገብታ ያየችው ነገር የለም።

ታዲያ ዘንድሮ ምን ቆርጧት ጀመረችው? ስለ አባቷ ነዋ!

አባቷ ሰዓት ጠጋኝ ነው። ዛሬ እንዲህ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ ማጉያ መነጽሩን አንድ ዐይኑ ላይ ሰክቶ፣ ከጤፍ የማይበልጥ ብሎን በወረንጦ ሲያነሣ ያየው ሰው ድሮ ጠጪ ነበር ቢሉት ይምላል እንጂ አያምንም። ነበር። ያውም እንዴት ያለ! ዓሥራ አንድ ዓመት ሆነው ሐኪሙ ፊት ለፊት፣ "ወይ ጠርሙሱን ወይ ዕድሜህን፣ አንዱን ምረጥ" ካለው። መረጠ። ግን ከሚስቱ ጋር አንድ ውል ገባ፤ በዓመት አንድ ቀን፣ በበዓሉ ምሳ ላይ፣ ለእሱ ብቻ ከተለየው ከኮኩ ጠርሙስ አንዲት ትንሽ ብርጭቆ ይጠጣል። ሁለተኛ የለም። በየዓመቱ ያቺን ብርጭቆ አንስቶ ጭልጥ ያደርግና ፊቱን አጨማድዶ፣ ስሎ፣ ደረቱን መትቶ፣ "አቤት ስታቃጥል! በቃኝ!" ብሎ ብርጭቆውን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ይደፋዋል። ቤተሰቡ ያጨበጭባል። አንድ ብሎ ማቆም የሚችል ሰው ድኗል ማለት ነው፣ አይደል? ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነበር።

አሁን ግን እናት የለችም። ልብስ ሰፊዋ በሐሳቧ ብታወጣ ብታወርደው አንድ ነገር ብቻ ታያት። ያቺ አንድ ብርጭቆ ከቀረች ውሉም ቀረ። ውሉ ከቀረ አባቷ አንድ ቀን ቀኝ ኋላ ዞሮ ወደ ድሮው ነው። በዓመት ውስጥ ሁለት ወላጅ የምትቀብርበት አንጀት ደግሞ የላትም። ስለዚህ ጠርሙሶቹን አጠበች።

የእናቷን ደብተር ከዱቄት ጣሳው ጀርባ አገኘችው። ጠርዙ በስኳር ተጣብቋል። የፕሪሙ ገጽ አለ፣ የእንጆሪው፣ የብርቱካን ልጣጩ፣ የዘቢቡ። ሁሉም ላይ አረቄው በስንት ብርጭቆ እንደሚለካ ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ "ኮክ፣ ለእሱ" ይላል። ኮክ ሁለት ኪሎ፣ ስኳር፣ ቀረፋ፣ ሎሚ፣ ውሃ። "አፍልተሽ በትኩሱ ክደኚ።" አለቀ። አረቄ የሚል ቃል የለም።

"ወይ እማዬ!" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ዋናውን ነገር ረስታው!"

የእናቷ ታናሽ እህት አጠገቧ ተቀምጣ ኮክ ትልጣለች። እቺ አክስት በሠፈሩ ስሟ "ራዲዮ" ነው፤ የሚዘጋት ሰው ስላልተገኘ። ደብተሩን አንገቷን አስግጋ አየችና፣ "ውይ እህቴን! መርሳት የጀመራት ያኔውኑ ኖሯል፤ እኛ ነን ያላወቅንላት" ብላ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ሁለቱ ተላቀሱ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ የኮኩን ጠርሙስ እንደ ሌሎቹ አድርጋ በአረቄ ጢም አድርጋ ሞላችው። እንዲያውም የአባቷ ስለሆነ ጥሩውን መርጣ ነው የሞላችው፤ የእናቷን ስሕተት ያረመች መስሏት ደስ እያላት።

የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የኮኩ ጠርሙስ ሽቦ ተፈትቶ፣ ክዳኑ ላላ ብሎ አገኘችው። ረስቼው ይሆናል ብላ ጠረቀመችው። በማግሥቱም ተፈትቷል። በሠልስቱም። ሌሎቹን አራቱን የነካቸው የለም።

"አባዬ፣ ጓዳ ገብተህ ነበር እንዴ?"

"እኔ? ጓዳ ገብቼ ምን ልሠራ?" አለ አባቷ፤ ቀና እንኳ አላለም።

ልቧ ፈራ፤ መቼም ሰው ናት። የልብስ ጠመኔዋን አመጣችና መጠጡ የደረሰበት ላይ በጠርሙሱ ጎን ቀጭን መሥመር ሳበች። በማግሥቱ አየችው፤ ጠብታ አልጎደለም። ሳምንት ሙሉ አየችው፤ ክዳኑ በየቀኑ ይላላል፣ መሥመሩ ግን ንቅንቅ የለም። እፎይ አለች። ጠጪ ጠርሙስ ከፍቶ ሳይቀምስ የሚመልስበት አገር የት አለ? አባቷ አይደለም። አባቷ ካልሆነ ደግሞ እቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

እንግዲህ ይህን ስታስብ ጀርባዋን ቀዝቃዛ ነገር ዳበሳት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቋ መብራት ሄዶ ቀድማ ገባች። አባቷ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል፤ አፉ በትንሹ ተከፍቷል፣ መነጽሩ ጉልበቱ ላይ ወድቋል። ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ጠርዝ ትዘመዝማለች። ድንገት ከጓዳው ሸርተት፣ ሸርተት የሚል የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማች። አንድ እግሩ ከአንዱ ይበልጥ ይጎተታል። ያን አካሄድ ታውቀዋለች፤ ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ እናቷ የምትሄደው እንዲያ ነበር። መርፌው ጣቷን ወጋት። አባቷን አየችው፤ ፊት ለፊቷ ተኝቷል፣ ያንኮራፋል።

ተነሥታ ሄደች። እንዴት እንደሄደች እሷም አታውቀው። ጓዳው ባዶ ነው። እርጥብ የሳሙና ሽታ አለ፣ የእናቷ እጅ ሽታ። አራቱ ጠርሙሶች በቦታቸው ናቸው። የኮኩ ግን ከመደርደሪያው ጥግ፣ ከሁሉም ኋላ ተገፍቶ ተደብቋል። ጠዋት ከፊት ያስቀመጠችው እሷው ራሷ ናት።

"እማዬ፣ ምን አጠፋሁ?" አለች።

እናቷ ከመሞቷ በፊት ባለው ወር፣ ስትጠራት ስንት ጊዜ "ቆይ፣ ሥራ ይዣለሁ" እንዳለቻት ትዝ አላት። ይቅርታ ሳትጠይቃት ነው እናቷ የሄደችው። "ከሞትሽም በኋላ ከጓዳሽ ታባርሪኛለሽ? ለአባዬ ብዬ እኮ ነው! ለማን ብዬ መሰለሽ?" ብላ ተንሰቀሰቀች። ካለቀሰች በኋላ ግን ጠርሙሱን ጎትታ ከፊት አስቀመጠችው። እልኸኛ ናት። ከማን እንደወረሰችው ቤቱ ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ይኸው ሆነ። እሷ ከፊት ታስቀምጠዋለች፣ ስትመለስ ከኋላ ታገኘዋለች። ለአክስቷ ብትነግራት ራዲዮ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ጋሼ እንዳይሰማ" አለች። በዓሉ እስኪደርስ ልብስ ሰፊዋ ከስታ ቀሚሷ ሰፋት።

የበዓሉ ዕለት በምሳ ሰዓት ሦስቱም ጠረጴዛ ከበቡ። ፀሐይ እስከ ግድግዳው ገብታለች። ለአክስቷ ከፕሪሙ፣ ለራሷ ከብርቱካኑ ቀዳች። የአባቷን ትንሽ ብርጭቆ ከኮኩ ሞልታ ፊቱ አኖረችለት።

"በል እንጂ ጋሼ፣ እንዳመልህ!" አለች አክስት፤ ለማጨብጨብ እጇን አዘጋጅታለች።

አባቷ ብርጭቆውን አነሣ። ጭልጥ አላደረገም። አፍንጫው ሥር ይዞት ቆየ። በወረንጦ ብሎን ሲያነሣ የማይነቃነቀው እጁ ይንቀጠቀጣል።

"ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ምን ጨመርሽበት?"

"አረቄ ነዋ አባዬ። እማዬ ደብተሩ ላይ ረስታው ነበር፣ እኔ..."

"አልረሳችውም።"

አባቷ ብርጭቆውን ከአፍንጫው ሥር ሳያርቅ ቀጠለ።

"እናትሽ ለእኔ አረቄ ጨምራ አታውቅም። ዓሥራ አንድ ዓመት ያጠጣችኝ የኮክ ጭማቂ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ገና ከንፈሬን ሲነካው ገባኝ። ቀና ብዬ ባያት ትንፋሿን ውጣ ታየኛለች። ያታለለችኝ መስሏታል። ምን ልበላት? ፊቴን አጨማደድኩላት፣ ሳልኩላት። ደስ አላት። ከዚያማ በየዓመቱ እስልላት ነበር" አለና ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። አንድ ብሎ የሚያቆም ሰው ኖሮ አያውቅም። ዓሥራ አንድ ዓመት ጠብታ ያልቀመሰ ሰው ነው ያለው፣ እሷም በገዛ እጇ ቀድታ ፊቱ አኑራለታለች።

"ይኸኛው ግን እውነተኛ ነው። ሳትነግሪኝ ሽታው ነገረኝ። አንቺ ሥራ ስትሄጂ ጓዳ እገባለሁ። ዋሽቼሻለሁ ልጄ። ክዳኑን እከፍታለሁ፣ ጠርሙሱን ከአፌ አደርሰዋለሁ። ያኔ እናትሽ ከኋላዬ ትመጣለች። አታናግረኝም። ማጅራቴ ላይ ትተነፍሳለች፣ ቆማ። እመልሰዋለሁ። በየቀኑ እንዲህ ነው የዋልነው፣ እኔና እሷ።"

"ኧረ በስመ አብ!" አለች አክስት።

አባቷ ብርጭቆውን አላስቀመጠም። ጭራሽ ወደ አፉ ተጠግቷል። ዐይኑ መጠጡ ላይ እንደ ሆነ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ዛሬ ግን አልመጣችም" አለ። "ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅኳት ነው። የለችም።"

ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆውን ልትነጥቀው እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። ቢነጠቅስ? ጓዳው አለ፣ መንገዱ ሙሉ መጠጥ ቤት አለ፣ ነገም አለ። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ጠረጴዛውን ዞረችና ከአባቷ ጀርባ ሄዳ ቆመች። ተጠግታው፣ ትንፋሿ ማጅራቱን እስኪነካው ጎንበስ ብላ፣ ዝም ብላ ቆመች።

የአባቷ ትከሻ ቀስ በቀስ ረገበ።

"መጣሽ?" አለ፣ ሳይዞር።

ማንን እንደጠየቀ ታውቃለች። እንባዋ አንገቷ ድረስ ወርዷል።

"መጣሁ" አለች።

አባቷ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና በሁለት ጣቱ ወደ አክስቷ ገፋ አደረገው። ልብስ ሰፊዋ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከአባቷ ጀርባ አልተንቀሳቀሰችም።