ደህና ነን

እናትየው ሾርባውን መልሳ ተፋችው። ፀጉር ሠሪዋ ልጇ አገጯን ልትጠርግላት ጎንበስ ስትል፣ አሮጊቷ ማንኪያውን መንጭቃ ወረወረችው። ሾርባው ገና አሁን በተቀየረው አንሶላ ላይ ተረጨ።

ልጅቱ እጇ መነሳቱን ያወቀችው እናቷ ፊቷን በክንዶቿ ስትከልል ነው።

«አትምቺኝ፣ እትዬ» አለች እናትየው፣ በሕፃን ድምፅ።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ደንበኞቿ ፀጉራቸውን ስታጥባቸው «እጅሽ እንቅልፍ ያመጣል» እያሉ የሚያመሰግኑት ያው እጅ ነው። ቀስ ብላ አወረደችውና የሌላ ሰው ይመስል ጭኗ ሥር ደበቀችው። አልመታቻትም። ግን ልትመታት ነበር፤ ይህንንም ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

እናቷ ልጆቿን መለየት ካቆመች ወዲህ ቤቱ የወደቀው በእሷ ትከሻ ላይ ነው። ሥራ ቦታ ቆማ ታንቀላፋለች፤ ጋደም ስትል ደግሞ እንቅልፍ ይሸሻታል። ታላቅ ወንድሟ በየሰንበቱ እየደወለ «እንዴት ናችሁ?» ሲላት «ደህና ነን» ትለዋለች። እሱም ያምናታል። ውሸት አይመስላትም ነበር፤ ቻይነት ነበር የሚመስላት።

ስልኳን አነሳች።

«ና» አለችው።

«እማዬ ምን ሆነች?»

«እማዬ ምንም አልሆነችም። እኔ ነኝ የሆንኩት።»

ወንድሟ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የሥራ ቱታውን ሳያወልቅ ደረሰ። የሆነውን አንድ በአንድ ነገረችው፤ እጇን ማንሳቷንም አልሸሸገችውም። ይቆጣኛል ብላ አንገቷን ደፋች። እሱ አንሶላውን አየ፣ እናቱን አየ፤ ከዚያም ዓይኑን የእህቱ ፊት ላይ አሳርፎ ቆየ።

«እንዲህ አመድ መስለሽ ነው ደህና ነን የምትይኝ?» አለና እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ። «በይ ውጪ። ዛሬ እኔ አለሁ።»

«ቶሎ ቶሎ ካጎረስካት እኮ ያንቃታል። መድኃኒቷን ደግሞ…»

«አንቺ ልጅ፣ ውጪ አልኩሽ!»

ወጣች። የት እንደምትሄድ ግን አታውቅም። እግሯ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ አደረሳት፤ የመጣው ላይ ተሳፈረች፤ መስኮቱን ተደግፋ እልም አለች።

«እህቴ፣ መጨረሻው ነው» ብሎ ሾፌሩ ቀሰቀሳት።

ደንግጣ ስልኳን አወጣችና ደወለች።

«በላች?»

«ጥርግ አድርጋ!» አለ ወንድሟ፣ ኩራቱን መደበቅ አቅቶት። «አባዬ መስዬአት ስትሽኮረመምብኝ ነበር። አሁን ተኝታለች።»

ስቃ ሳትጨርስ ቅናት ያዛት። ያን ሁሉ ጊዜ ለእሷ አንድ ጉርሻ በመከራ!

«እኔን ጠየቀች?»

ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አልጠየቀችም» አላት።

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያስለቀሳት መረሳቷ ይሁን፣ ወይስ ለአንድ ከሰዓት እንኳ መረሳት መቻሏ፣ ለራሷም አልለይ አላት።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። «ልመለስ ነው፤ ትሄጃለሽ?»

በመስኮቱ አሻግራ አየች። ረግጣው የማታውቀው ሰፈር ነው፤ አንድ ሽማግሌ በረንዳ ላይ ልብስ ያሰጣሉ፣ የከሰዓት ፀሐይ ባዶ አግዳሚ ወንበር ላይ አርፏል።

«ለመሆኑ የት ነሽ?» አለ ወንድሟ።

«እንጃ» አለችው፣ ከአውቶቡሱ እየወረደች።